እናቴ ወርቁንም ዶላሩንም በመቀነቷ ቋጥራ ሳፋሪ ልትሄድ ነው

የደረሰን ደብዳቤ አጠር ተደርጎ ሲቀርብ እንዲህ ይላል።

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልሽ ከደሴ ነው። ታላቅ ወንድሜ ናይሮቢ መኖር ከጀመረ ቆየ፤ አሁን እዛው ያደገች ያገራችንን ልጅ አጭቷል። በነሐሴ እኔንና እናቴን ወስዶ ከልጅቷ ቤተሰብ ጋር ሊያስተዋውቀን ነው። ከዛ ማሳይ ማራ የሚባለው ፓርክ ለሦስት ቀን ሳፋሪ ሊወስደን አስቧል። ደስ ብሎናል፤ ግን ቤታችን በገንዘብ ጉዳይ ጭቅጭቅ ሆነ። እናቴ ነጋዴ ናት። ሰኞ ሰኞ ባቲ ትወርዳለች፣ ገንዘቧ ከመቀነቷ ተለይቶ አያውቅም። አሁንም ‹ዶላሩንም ወርቁንም እኔው እቋጥረዋለሁ፣ እናንተ አትችሉበትም› አለችኝ። ወርቁ የራሷ የአንገትና የእጅ ነው፤ ከፊሉን ለምራቷ ልትሰጥ፣ ቀሪውን ልታደርገው። እኔ ደግሞ የምናድረው ድንኳን ነው፣ ቁልፍ እንኳ የለውም ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ወንድሜ ‹ምንም አትያዙ፣ ሁሉን እኔ እችላለሁ› ይላል። እሷ ይህን ስትሰማ ይብስባታል። ስንት ይዘን እንሂድ? የትስ እናድርገው? ወርቁስ? ስሜን አታውጪው።»

እህቴ፣ አብሽሪ። ለጠየቅሽው ሁሉ መላ አለው። ግን ሻንጣ ከማሰናዳት በፊት ከእናትሽም ከወንድምሽም ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይጠይቃል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ለእናትሽ ልመስክርላቸው። ባቲን ያየ ያውቀዋል። ሰኞ ቀን ከአፋር ቆላ የወጣው፣ ከወሎ ደጋ የመጣው፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተደባልቆ፣ ከግመሉና ከፍየሉ፣ ከእህሉና ከጨርቁ መሀል ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ነው የሚገበያየው። እዛ ግፊያ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ነግደው፣ ማታ ገንዘባቸውን ይዘው ደሴ የሚገቡ ሴት ስለ ኪስ አውላቂ የሚነገራቸው ብዙ ነገር የለም። ገንዘብ ከሰውነት አይለይም። ሰው ፊት አይቆጠርም። የቦርሳ የውጭ ኪስ አይታመንም። ለሳፋሪ ተጓዥ የሚሰጠው ምክርም ከዚህ አይርቅም። ለመንገደኛ ተብሎ ሱቅ የሚሸጠው፣ ከልብስ ስር የሚታሰረው ስስ የገንዘብ ቀበቶ ከመቀነት የሚለየው በዚፑ ብቻ ነው። እና ወሬውን «እማ፣ ዘመኑ ተቀይሯል» ብለሽ እንዳትጀምሪው። አይቀበሉሽም፤ ደግሞም ልክ ናቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ መቀነቱ ሳይሆን ሁሉ ነገር አንድ ቋጠሮ ውስጥ መሆኑ ነው። ባቲ ላይ ቢጠፋ የሚጠፋው የአንድ ሰኞ ገንዘብ ነው። ማታ ቤታቸው ናቸው፣ ጎረቤት አለ፣ ዘመድ አለ፣ ዱቤ የሚሰጥ ደንበኛ አለ። ማራ ላይ ግን ቋንቋውን አያውቁትም፣ በቅርብ ባንክ የለም፣ የሚያውቃቸው ሰው ልጃቸውና አንቺ ብቻ ናችሁ። ቋጠሮው ከጠፋ ዶላሩም ወርቁም ምናልባት ፓስፖርቱም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ለእናትሽ የምትነግሪያቸው አንድ ነገር ነው፤ መቀነቱ ይኑር፣ ግን ብቻውን አይሁን።

ሁለተኛው ችግር ፍተሻው ነው። ይህን እሳቸው አላሰቡትም ብዬ እገምታለሁ። ኤርፖርት ላይ ቀበቶው፣ ጌጡ፣ ስልኩ፣ አንዳንዴ ጫማውም ይወልቃል። መቀነት ውስጥ ወርቅ ካለ ማሽኑ ይጮሃል። ከዛ እናትሽ ከኋላቸው ሰልፍ ቆሞ፣ ፈታሿ «ምንድን ነው? ፍቱት» እያለቻቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ፊት ፈተውት የማያውቁትን ቋጠሮ ሊፈቱ ነው። ያየ ሁሉ አየ። ለሳቸውም ውርደት ይሆንባቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ወደ ፍተሻው ከመግባታችሁ በፊት መታጠቢያ ቤት ገብታችሁ የመቀነቱን ነገር በአንገት የምትንጠለጠል ትንሽ ዚፕ ያላት ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። ፍተሻው ላይ አንቺ ቀድመሽ እለፊ፣ እናትሽ ደግሞ ቦርሳዋ ማሽኑ ውስጥ ስትገባ በዓይናቸው አይተው ይለፉ። እንዲህ ከሆነ ቦርሳዋ ስትገባም ስትወጣም ከሁለት አንዳችሁ እያያችኋት ነው። ካለፋችሁ በኋላ እንደገና መታጠቢያ ቤት፣ እንደገና መቀነት። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የምትነሱ ከሆነ ይህን ሁለት ጊዜ ታደርጉታላችሁ፣ አይሰልቻችሁ።

አሁን ወደ መንገዱ። ሰው ሳፋሪ ሲባል የሚታየው አንበሳ ነው፤ ገንዘብ ግን የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ አንበሳው ጋ ሳይደረስ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና ከሄዳችሁ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደክሟችሁ፣ ሻንጣ ተሸክማችሁ፣ መሽቶባችሁ ትወርዳላችሁ። ሌባ የሚፈልገው ይህን ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሿሿ የሚሉት ነገር እንዳለ ሰምተሻል። ታክሲ መስሎ ይመጣል፣ ውስጡ ያለው «ተሳፋሪ» ግን ተባባሪ ነው፤ በሩ አልዘጋም፣ ተጠጊ፣ እዚህ ተቀየሪ እያሉ ያዋክቡሽና ስልክሽንና ገንዘብሽን ወስደው አውርደውሽ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከመናኸሪያው የሚቀበላችሁ ዘመድ ይኑር፣ ካልሆነ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ጥሩ። ለዛች ታክሲና ለውሃ የሚሆን ዝርዝር ብር ለብቻው እጅሽ ላይ ይኑር። መንገድ ላይ መቀነት የሚያስፈታ ምክንያት መኖር የለበትም።

ናይሮቢ ላይ ወንድምሽ ራሱ ኤርፖርት ይቀበላችሁ። ከተማው ውስጥ ስልክ የሚነጠቀው በእግር ስትሄዱ ብቻ አይደለም። የመኪና መጨናነቅ ላይ ቆማችሁ መስኮት ከፍታችሁ ስልክ ስታወሩም ከውጭ እጅ ይገባና ይመነትፈዋል። መስኮቱ ዝግ ይሁን፣ ስልኩ ጭን ላይ አይቀመጥ።

ከናይሮቢ ማራ በመኪና አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። መንገድ ላይ የስምጥ ሸለቆው ቁልቁል የሚታይበት ቦታ አለ፤ ሰው ፎቶ ለመነሳት ይወርዳል፣ የዕቃ ሱቆቹም እዛ ተደርድረዋል። ከዛ ናሮክ የምትባል ከተማ ለነዳጅና ለሻይ ይቆማል። ወንበር ላይ ተትቶ የሚወረደው ቦርሳ የሚጠፋው እዚህ ነው። ሹፌሩ «ተዉት፣ እኔ አለሁ» ይላችኋል። ሹፌሩ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ግን እሱም ሽንት ቤት ይሄዳል፣ እሱም ሻይ ይጠጣል። ፓስፖርትና ገንዘብ ያለበት ቦርሳ ከመኪናው ከእናንተ ጋር ይውረድ፣ ሻይ ቤትም ይግባ። ናሮክ ላይ ባንክና ኤቲኤም ስላለ፣ የጎደለ ሽልንግ ካለ ወንድምሽ እዛው ያውጣ። ከዛ ወዲያ ባንክ እንደ ልብ አታገኙም።

ስንት እንያዝ ላልሽው፣ ከምትፈሩት በጣም ያነሰ ነው። ትልቁ ወጪ ከመነሳታችሁ በፊት የሚያልቅ ነው። ማሳይ ማራ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ባሉት የፈረንጅ ወራት ለውጭ አገር ጎብኚ በሰው በቀን 200 ዶላር ያስከፍላል፤ በቀሪው የዓመቱ ግማሽ 100 ዶላር ነው። ነሐሴ ውድ የሆነበት ምክንያት አለው። እነዚያ ዊልደቢስት የሚባሉት እንስሳት ከታንዛኒያው ሰሬንጌቲ በመቶ ሺዎች እየጎረፉ የማራን ወንዝ የሚሻገሩበት ወቅት ስለሆነ የዓለም ሰው የሚመጣው ያኔ ነው። የበር ቲኬቱ ደግሞ የሚሠራው ለ12 ሰዓት ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ። ለሁለት ሰው ለሦስት ቀን ብታሰሊው በሩ ብቻ እስከ 1,200 ዶላር ሊደርስ ነው። እናትሽ ይህን ሲሰሙ ተጨማሪ ሊቋጥሩ ይነሳሉ። አያስፈልግም። የበሩ ክፍያ አሁን በአብዛኛው በካርድና በኤምፔሳ፣ ማለትም በስልክ በሚከፈል ገንዘብ ነው እንጂ በጥሬ ገንዘብ አይደለም። አስጎብኚ ድርጅቱም ብዙ ጊዜ ከጠቅላላ ዋጋው ጋር ያካትተዋል። ወንድምሽ መኪናው፣ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ የበሩ ክፍያ ሁሉም ተካቷል ወይ፣ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ስንት ነው የሚለውን በጽሑፍ ያስመልስ። የሚከፍለውም በድርጅቱ ስም ባለ ሂሳብ ይሁን። «ለኔ ላክልኝ፣ ቅናሽ አደርግልሃለሁ» የሚለው ሰው የግል ስልክ ላይ ከላከ ገንዘቡን ተሰናበተው። ካቶ የሚባል የኬንያ አስጎብኚዎች ማኅበር አለ፤ ድርጅቱ አባል መሆን አለመሆኑን ከማኅበሩ መጠየቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ አስቀድሞ ከተከፈለ ለሦስቱ ቀን የሚቀራችሁ ለአስጎብኚው ጉርሻ፣ ለለስላሳ ወይ ለውሃ፣ ለስጦታ ዕቃ፣ ማሳይ የሚባሉትን የአካባቢውን አርብቶ አደሮች መንደር ለመጎብኘት የምትከፍሉት ነው። ለመንደሩ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋው በሰው ስንት እንደሆነ ይነገር፣ ከገቡ በኋላ አይደለም። ለአስጎብኚው በሰው በቀን 10 ዶላር አካባቢ ብዙ ሰው የሚሰጠው ነው። በእኔ ግምት ለሁለታችሁ 150 ዶላር የሚሆን ሽልንግ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ዶላር 129 ሽልንግ አካባቢ ስለነበር ወደ 19 ሺህ ሽልንግ ይመጣል። ከዚህ ሌላ፣ አደጋ ካልመጣ በስተቀር የማይነካ 200 ዶላር። በቃ። ከዚህ በላይ ለማራ መያዝ ሥጋት መሸከም ነው።

ዶላሩን ከባንክ ግዙ። እለምንሻለሁ፣ ከመንገድ አትግዙ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለመንገደኛ ዶላር ማግኘት እንደ ድሮው አይደለም። ፓስፖርትና ትኬት ይዛችሁ ደሴ ላይ ያለውን ባንካችሁን ጠይቁ፤ የሚፈልጉትን ወረቀት ቀደም ብላችሁ አሟሉ። የምትቀበሉትን ደረሰኝ አትጣሉት፣ ቦሌ ላይ «ከየት አመጣችሁት» ቢባል መልሱ እሱ ነው። ከጥቁር ገበያ የተገዛ ዶላር ግን ደረሰኝ የለው፤ ሐሰተኛ ኖት ቢገባበት የምትከሱት ሰው የላችሁ። ስትቀበሉ ኖቱን ተመልከቱ። የተቀደደ፣ የተጻፈበት፣ አሮጌ ኖት ኬንያ ላይ አይቀበሉም፣ ቢቀበሉም ዋጋ ይቀንሳሉ። ባለ መቶው እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የወጣው፣ መሀሉ ላይ ሰማያዊ ጥለት ያለው ይሁን። እናትሽ ዶላሩን አጥብቀው አጥፈው መቋጠር ይወዱ ይሆናል፤ እባክሽ ሳይታጠፍ በፖስታ ውስጥ ይሁን።

ሽልንግ ስትቀበሉም እንዲሁ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ ኖት አውጥታ የድሮውን ባለ 1,000 ከዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከገበያ አስወጥታዋለች። እንግዳ መሆናችሁን ያየ ሰው የድሮውን ሊያስይዛችሁ ይችላል። ወንድምሽ ገና ናይሮቢ እያላችሁ ሁለቱን ለይቶ ያሳያችሁ።

ብር ይዞ ከአገር መውጣት በሕግ የተገደበ ነው፤ ስትመለሱ ከቦሌ ለታክሲ የሚሆን ያዙ። ደሴ ኤቲኤም የምታወጪበት ተራ የብር ካርድ እዛ አይሠራም ብለሽ ተነሺ። ባንክሽ ለውጭ ጉዞ ዶላር የሚሞላበት ካርድ የሚሰጥ ከሆነ ግን አውጪ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ቴሌብርም ማራ በር ላይ አያስገባሽም። እዛ ገንዘብ ማለት ኤምፔሳ ነው፤ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2007 ከጀመረው ወዲህ ጉልት የሚሸጠውም ሆነ ሆቴሉ የሚቀበለው በሱ ነው። ወንድምሽ ስላለው ለናንተ ይበቃል።

አከፋፈሉ እንዲህ ይሁን። የማይነካው 200 ዶላር ከሳቸው መቀነት አይውጣ፤ ከሳቸው የተሻለ ጠባቂ የለም። ለቀን ወጪ የሚሆነው ሽልንግ ካንቺ ጋር፣ ሰውነትሽ ላይ። ካርዱ ካለ ወንድምሽ ጋር። ፓስፖርቱን ግን እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ያዙ፤ ሁለቱንም አንድ ሰው አይያዝ። ማታ ማታ ድንኳኑን ዘግታችሁ ሦስታችሁም ቁጠሩ። ባቲ ሲመለሱ እንደሚያደርጉት ማለት ነው፣ እሳቸው ይምሩት።

ፌስታል ነገር! ገንዘብና ፓስፖርት በፌስታል ጠቅልሎ የመያዝ ልማዳችንን ተዉት። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ጨርቅ ቦርሳ ወይ ወፍራም ፖስታ ያዙ።

ድንኳኑ። የሰማሽው እውነት ነው፣ ብዙዎቹ የሚዘጉት በዚፕ ነው። ግን ድንኳን ሲባል ደሴ ለሠርግና ለለቅሶ የሚተከለውን አታስቢ፤ አልጋ፣ መታጠቢያ ቤት ያለው ነው፣ ዙሪያውን ማሳዮች ይጠብቁታል፣ ማታም ለእራት ስትሄዱ አውሬ ሊኖር ስለሚችል ጠባቂ ያደርሳችኋል። የጠባቂውም ሥራ ከአውሬ መጠበቅ ነው እንጂ ገንዘባችሁን መቁጠር አይደለም። ወንድምሽ ቦታ ከመያዙ በፊት «ካዝና አላችሁ ወይ» ብሎ ይጠይቅ። እንግዳ መቀበያው ጋ የምታስቀምጡ ከሆነ ፊታቸው ቆጥራችሁ፣ ፖስታውን አሽጋችሁ፣ እሽጉ ላይ ፈርማችሁ፣ ስንት እንዳለ የሚገልጽ ወረቀት ተቀበሉ። ካዝና ከሌለ ሁሉም ሰውነት ላይ ይሁን። አንዳችሁ ስትታጠቡ ሌላችሁ ይያዝ። ትራስ ስር ያስቀመጣችሁትን ጠዋት ለአንበሳ ጉብኝት በጨለማ ተቀስቅሳችሁ ስትጣደፉ ትረሱታላችሁ፤ «ተሰረቅን» ከሚባለው ውስጥ ብዙው እንዲህ ተረስቶ የቀረ ነው። የጽዳት ሠራተኛ ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት አልጋውን ማራገፍ ይገባል፤ ያ ሰው እንጀራው ነው።

በዚፕ የተዘጋ ድንኳን የሚከፍት ሌባ ግን አለ፤ ጦጣ። ወሎ ውስጥ ማሳ የጠበቀ ሰው ዝንጀሮና ጦጣ ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም። የማራዎቹ ደግሞ ሰው ለምደዋል፤ ዚፕ ይከፍታሉ፣ የመኪና መስኮት ክፍት ካገኙ ይገባሉ። የሚፈልጉት ዶላር አይደለም፣ ምግብ ነው። እናትሽ ዳቦ ቆሎና በሶ ሳይዙ እንደማይነሱ ስለማውቅ ነው የምነግርሽ፤ ቆሎው ፓስፖርት ያለበት ቦርሳ ውስጥ አይግባ። ጦጣዋ ቆሎውን ብላ ቦርሳውን ዛፍ ላይ ልትተወው ትችላለች።

አሁን ወርቁ። እዚህ ላይ ጠንከር ልበልሽ። ለምራታቸው የሚሰጡት ይሂድ፣ ሌላው ደሴ ይቅር። እናት ለልጇ እጮኛ ከራሷ አንገት አውልቃ ስትሰጥ ያለውን ትርጉም አውቃለሁ፤ ይህን ተዉት ብዬ አልመክርም። ነገር ግን ስጦታው ናይሮቢ ላይ፣ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ቀን ይሰጥ፣ ወደ ማራ ከመነሳታችሁ በፊት። እናንተ ሳፋሪ ስትሄዱ ወርቁ እዛው ናይሮቢ፣ ልጅቷ ቤት ይቀመጥ። እስከዛ ድረስ ደግሞ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ከናንተ እጅ አይወጣም። ደረሰኝ ካለው ደረሰኙን ያዙ። ሳትነሱ ፎቶ አንሱት፣ ወርቅ ቤት አስመዝኑና ግራሙን ካራቱን አጽፉ። ስጦታ መሆኑን ገልጻችሁ ምን እንደሚያስፈልግ ጉምሩክን ከጉዞው ቀን በፊት ጠይቁ፤ ቦሌ ደርሶ፣ ሰዓቱ ሄዶ የሚጀመር ክርክር አይደለም።

የሚቀረው ወርቅስ? ባዶ ቤት ውስጥ አይቀመጥ። ሰፈሩ እንደምትሄዱ አውቋል፣ ወንድምሽ ሊያጭ እንደሆነም አውቋል። በአገራችን አደራ ክቡር ነው፤ እናትሽ የሚያምኗት እህት ወይ ጎረቤት አታጡም። ግን አደራም ቢሆን ተቆጥሮ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሁለት ሰው ባለበት ይሰጥ። አለማመን አይደለም። አደራ የተቀበለችውን ሴት ከሐሜት የሚያድናት እሱ ነው። እናትሽ «ባዶ አንገቴን ከሰው ፊት አልቀርብም» ካሉ፣ ይገባኛል፣ አንዷን ይዘው ይሂዱና ለትውውቁ ቀን ያድርጓት። ማራ ስትሄዱ ግን እሷም ናይሮቢ ትቅር። እዛ ያለው አቧራና አንበሳ ነው፣ ማን ሊያይላቸው?

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የጻፍሽው የመጨረሻው ነገር ነው። ወንድምሽ «ምንም አትያዙ» ሲል ፍቅሩ ነው፤ እናትሽ ግን የሚሰሙት «አንቺ አሁን ተጧሪ ነሽ» የሚል ነው። በራሳቸው ንግድ ልጆች ያሳደጉ ሴት እጃቸው ባዶ ሆኖ፣ ለውሃ እንኳ የልጃቸውን ኪስ እያዩ ሦስት ቀን ሊዝናኑ አይችሉም። ያ ይሉኝታ ነው ቋጠሮውን የሚያሳብጠው። ብዙ የሚይዙት ሌባ ስላልፈሩ አይደለም፣ ልጃቸውን ማስቸገር ስለፈሩ ነው። ስለዚህ ለወንድምሽ ዛሬ ደውዪለትና ይህን ንገሪው። ሳፋሪውን እሱ ይክፈል፣ ጥሩ። ግን የናንተ የሆነ አንድ ወጪ ይኑር፤ ለምሳሌ የአስጎብኚው ጉርሻና ለቤት የሚገዛው ስጦታ የእናትየው ነው ተብሎ ከአሁኑ ይወሰን። ሽልንጉን አንቺ ብትይዢውም ሲከፈል በሳቸው እጅ ይከፈል። ዕቃ ሱቆቹ ጋ ዋጋ መከራከር የተለመደ ነው፣ መጀመሪያ የሚጠሩት ዋጋ እጥፍና ከዛም በላይ ሊሆን ይችላል፤ እሳቸው ቋንቋ ባያውቁም ዋጋ ማስቀነስ ያውቁበታል፣ ቁጥሩን አንቺ በስልክሽ ላይ ጽፈሽ አሳዪላቸው። ድርሻቸው የታወቀ ሰው ሌላ የሚቋጥሩበት ምክንያት አይኖራቸውም።

ስለ ስልክሽ ባጭሩ። የባንክ መተግበሪያ ያለበት ስልክ ከገንዘቡ በላይ ነው። ስክሪኑም ሲም ካርዱም የሚስጥር ቁጥር ይኑራቸው፤ የትውልድ ዓመትሽ አይሁን። ከባንክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ኬንያ ላይ እንዲደርስሽ ሮሚንግ አስከፍቺ፣ አለዚያ ትኬትም ሂሳብም መንካት አትችዪም። የባንክ አጭር ቁጥሮች ደግሞ ከውጭ አገር አይደወሉም። ስልክሽ ቢሰረቅ ሂሳብሽን የሚያሳግድልሽ፣ የሂሳብ ቁጥርሽን የሚያውቅ አንድ ታማኝ ሰው ደሴ ይኑር። ሳፋሪ መኪናው ጣሪያው ይከፈታል፤ ሁሉም ቆሞ ነው ፎቶ የሚያነሳው። ስልክሽን በአንገት ገመድ እሰሪው። ከወደቀ ወርደሽ አታነሺውም፣ ከመኪና መውረድ ክልክል ነው፣ ሣሩ ውስጥ ምን እንደተኛ አይታወቅም፤ ለአስጎብኚው ነው የምትነግሪው። ካምፑ ውስጥ ደግሞ ባትሪ የሚሞላው ብዙ ጊዜ በጋራ ቦታ ስለሆነ ፓወር ባንክ ያዢ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሆነ ነገር ቢጠፋ መጀመሪያ ለካምፑ ኃላፊ፣ ቀጥሎ በአካባቢው ላለ ፖሊስ አመልክቱ። የማመልከቻውን ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ፤ ኬንያ ላይ አብስትራክት ይሉታል፣ ያለሱ ሌላ ጉዳይ አይራመድም። የጠፋው ፓስፖርት ከሆነ ያንን ወረቀት ይዛችሁ ናይሮቢ ኤምባሲያችን ትሄዳላችሁ፣ ወደ አገር የምትመለሱበት ሊሴ ፓሴ ይሰጣችኋል። ይህን የሚያፋጥነው ኮፒ ነው። የሁለታችሁንም ፓስፖርት፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን፣ ትኬቱን፣ የዶላሩን ደረሰኝ ፎቶ አንሺና ለወንድምሽም፣ ደሴ ለሚቀረው ሰውም ላኪ። አንድ አንድ የወረቀት ኮፒ ደግሞ ከዋናው በተለየ ቦርሳ አድርጊ፤ ስልኩና ፓስፖርቱ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።

እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ ወንድምሽንም እንኳን ደስ ያለህ።